ከእርጎው እስከ አጓቱ፦ የገጠሩ የወተት ስልጠና

ስለ ወተት ሃብት ስልጠና ሲነሳ አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ጥቁርና ነጭ ቀለም ያላት ግዙፍ የፈረንጅ ላም ናት። ስልጠናው እሷን ስለ መግዛትና ስለ መቀለብ ብቻ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ትልቁን ሙያ ያሳንሰዋል። ላም መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል። ስልጠናው ዋጋውን የሚያወጣው ወተቱ ከታለበ በኋላ ነው፤ በእርጎው፣ በቅቤው፣ በአሬራው፣ በአይቡ። ከስልጠናው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ክፍል ነው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ግን መጨረሻ ተመድቦ ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው።

ስልጠናው በአብዛኛው የሚሰጠው በቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ነው፤ በተለምዶ «ኤፍቲሲ» የሚባለው። የሚያስተምሩት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። አሠራሩ በየቀበሌው አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሃብት እንዲመደብ ነው፤ እነሱም እንደ አላጌ፣ አርዳይታና አጋርፋ ካሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚወጡ ናቸው። ትምህርቱ ራሱ ግን ከማዕከላቱ በዕድሜ ይበልጣል። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ «ካዱ» የሚባለው፣ የተዳቀሉ ጊደሮችን ለገበሬው ሲያዳርስ አያያዛቸውንም አብሮ ያስተምር ነበር። ኋላም በፊንላንድ ድጋፍ ሰላሌ ላይ የወተት ልማት ሥራ ተሠርቷል።

ስለ መኖና ስለ በረት ብዙ አልልም። ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ላሙን በቀን አንዴ ብቻ ወንዝ የሚያወርድ ሰው ወተት አነሰኝ ሊል አይገባውም። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ግት አይሞላም፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ ወይም የዝሆኔ ሣር ይታከልበት። በረቱ ደረቅ ይሁን። ጡቷ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ሳይደርቅ ማለብ አይጀመር። ይህን ያህል ይበቃል።

ማዳቀል ላይ ግን ሳልቆጣ አላልፍም። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም የሚቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ነው። ዋናው ምልክት መጮኋ ወይም ከመንጋው መነጠሏ አይደለም፤ ሌሎች ላሞች ሲወጡባት ሳትሸሽ ጸንታ መቆሟ ነው። ምልክቱ ጠዋት ከታየ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል፤ ስልጠናው የሚያስተምረው ይኸው ነው። ስንቱ ገበሬ ግን ሰኞ ያየውን ምልክት ረቡዕ ገበያ ሲወጣ ለአዳቃዩ ይነግራል! ከቃሊቲው ብሔራዊ የማዳቀያ ማዕከል የሚወጣው አባላዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ተጠብቆ ስንት አገር አቋርጦ ደርሶ፣ በአንድ ቀን ቸልተኝነት ከንቱ ይቀራል። «መርፌው አይሠራም» የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

እንገርም አለ። እንገር ጣፋጭ ነው፤ ላሟ በወለደች ማግስት ጎረቤት ሁሉ ይጠብቀዋል። ጥጃ ግን ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት ስንቅ የለውም፤ ስንቁ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱም ይህን ስንቅ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢጠጣ ያመለጠው አይመለስም። መጀመሪያ ጥጃው ይጥገብ፤ ድስቱ ይደርሳል።

አሁን ወደ መናጫው። በደጋው የቆየው ልማድ የታወቀ ነው፤ የየዕለቱ ወተት በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል፣ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ይረጋል፣ ከዚያ ሸክላው ወይም ቅሉ ተጋድሞ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ቅቤው አልወጣ ሲል ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ላሟ ቅቤ የላትም ይባላል፣ የምትገፋዋ ሴት እጇ ከባድ ነው ይባላል፣ የሰው ዓይን አረፈበት ይባላል። የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው። በዚህ ወሬ ስንት ምራት አንገቷን ደፍታለች። እጇ ምንም አላጠፋም።

በወተት ውስጥ ያለው ቅባት በዓይን በማይለዩ ጠብታዎች ተበትኖ የሚኖር ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ሽፋን አላት፤ ሽፋኑ ሳይነካ ጠብታዎቹ ቢጋጩም አይዋሃዱም። ንጠቱ ሽፋኑን ይሰብረዋል። ጠብታዎቹ ተጣብቀው የቅቤ ቅንጣት የሚሆኑት ግን ቅባቱ ከፊሉ የጠጠረ፣ ከፊሉ የላላ ሲሆን ብቻ ነው። እርጎው ሞቅ ካለ ቅባቱ ይለሰልሳል፤ ቅቤው ቶሎ የደረሰ ይመስላል እንጂ ይልፈሰፈሳል፣ ብዙውም አሬራው ውስጥ ይቀራል። ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠብታዎቹ እንደ አሸዋ ጠጥረው መያያዝ እምቢ ይላሉ። ለረጋ ወተት ተስማሚው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ሌላው የመናጫው መሙላት ነው። ወተት የሚናጠው ከአየር ጋር ሲገላበጥ ስለሆነ ዕቃው ከግማሽ በላይ መሞላት የለበትም። አንዴ ገፍቼ ልገላገል ብላ እስከ አንገቱ የምትሞላ ሴት ሥራዋን ታበዛለች እንጂ አትቀንስም።

ይህንን ትምህርት ሲሰጥ ያየሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት ነበር። አሰልጣኟ ወጣት የእንስሳት ባለሙያ ናት። ቴርሞሜትሩን እርጎው ውስጥ ከመክተቷ በፊት አጠገቧ ወደተቀመጡት አዛውንት ዞረች።

«እማማ፣ እስቲ ይንኩልኝ፤ ለመግፋት ደርሷል?»

አዛውንቷ የሸክላውን ሆድ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። «አልደረሰም ልጄ። ይኼ አሁን ቢገፋ እስከ ቀትር ወገብሽን ይቆርጥሻል እንጂ አይወጣልሽም።»

ቴርሞሜትሩ 12 ዲግሪ አሳየ። ሸክላውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው 17 ሲደርስ መግፋት ጀመሩ። በአንገቱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በየመሃሉ አየሩን እያስተነፈሱ፣ ድምፁ ሲቀየር ሣር ሰደድ አድርገው ቅንጣቱን አዩ። አሰልጣኟ የአዛውንቷን ዕውቀት አልሻረችም፤ ቁጥር ሰጠችው። መዳፍ የዕድሜ ልክ ልምድ ይፈልጋል። ቴርሞሜትሩ ግን ትናንት ያገባችውንም ምራት ከአማቷ እኩል ያደርጋታል።

ከመሣሪያ ሁሉ የማደንቀውም ከዚሁ አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገውና «ኢልካ» በመባል ይታወቅ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ዘይት ጣቢያዎች ነበሩት። ባለሙያዎቹ የሀገራችንን ቅቤ አወጣጥ ሲያጠኑ ሸክላውን አልጣሉትም፤ መቅዘፊያ ሠሩለት። ነገሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ የእንጨት ክንፎች ያሉት ዘንግ በሸክላው አፍ ይገባል፤ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመው ገመድ በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ መቅዘፊያው ውስጥ ለውስጥ ይሽከረከራል። ሸክላው አይነቃነቅም፤ የምትሠራዋ ሴትም ክብደቱን አትሸከምም። ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ንጠት ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ወረደ፣ አሬራው ውስጥ የሚቀረው ቅባትም ቀነሰ። ይህም የማዕከሉ የወተት ቴክኖሎጂ ባለሙያ የነበረው ኦማሆኒ በ1988 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ተሞክሮ ይዞ ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

አሬራው ውስጥ የሚቀረው ቅባት ምን ያህል ቢሆን ነው የሚል ካለ እናስላው። 10 ሊትር ወተት 4.5 በመቶ ቅባት ቢኖረው 450 ግራም ገደማ ነው። አሬራው ላይ 1 በመቶ ቅባት ቢቀር ወደ 90 ግራም ከእጅ ወጣ ማለት ነው፤ ከቅባቱ አንድ አምስተኛው። ገበያ ላይ የቅቤን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ምን እንደሚሆን አስረጂ አያሻውም።

መቅዘፊያውን የሰፈር አናጺ ይሠራዋል፣ ሲሰበርም ይጠግነዋል። በአንዳንድ መንደር ግን በፕሮጀክት የመጣ የብረት ክሬም መለያ፣ ጎማው ተበጥሶ መለዋወጫ ታጥቶለት፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር ተቀብሮ አይቻለሁ። ይህን የሚያስመጡ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት ጎማው ወረዳው ከተማ ላይ ይገኝ እንደሆነ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

ከዚህ የባሰው ጥፋት ምዝገባው ላይ ነው። ወተት የምታልበው፣ የምታረጋው፣ የምትንጠው፣ አይቡን የምታወጣው በአብዛኛው ሴቷ ናት። የስልጠና ጥሪ ሲመጣ ግን የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው፤ እሱም በሕይወቱ ነክቶት ስለማያውቀው መናጫ ተምሮ ይመለሳል። ማታ ለባለቤቱ ያካፍላታል ይባላል። ዲግሪና የሙሌት ልክ በወሬ አይተላለፍም፤ እጅ ሸክላው ላይ ሆኖ የሚያዝ ትምህርት ነው። የቀበሌ ኃላፊዎች የቅቤና የአይቡን ክፍል ለእማወራዎችና ለሴት ልጆች ይመዝግቡ፤ ሰዓቱንም ከማለቢያና ከውኃ መቅጃ ጊዜ ያራርቁት። ማሰልጠኛውም ቢያንስ አንድ የምትታለብ ላምና አንድ መናጫ ይኑረው። በግድግዳ ላይ ሥዕል ቅቤ አወጣጥ አይለመድም።

ስለ ጢስ ደግሞ አንድ ቃል። የወይራ ጢስ ለወተት ዕቃ መልካም ነው፤ መዓዛ ይሰጣል፣ የሚያበላሹትንም ተሕዋስያን ያዳክማል። ነገር ግን እጥበትን አይተካም። ያደረ ወተት ጥጋጥጉ ላይ ደርቆ እያለ ዕቃውን ማጠን ቆሻሻውን መሸፈን ነው። በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይታጠን።

ለሕብረት ሥራ ማኅበር ወተት የሚያስረክብ ገበሬ ላክቶሜትሩን እንዲያነብ ይማራል፤ ውኃ የገባበት ወተት ውስጥ መሣሪያው ጠልቆ ይሰምጣል። ማኅበሩ ግን በጾም ወራት የሚረከበውን ይቀንሳል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቢደመር ምእመናን የሚጾሙት ቀን ከ180 አያንስም። ላሟ አትጾምም። በእነዚያ ወራት ቅቤና አይብ ማውጣት የማያውቅ ቤት ወተቱን በርካሽ ይሸጣል ወይም ይደፋል፤ የምታውቅ እናት ግን ቅቤውን አንጥራ ለፋሲካ ገበያ ታቆየዋለች።

አይቡም ሥርዓት አለው። አሬራው መፍላት አያስፈልገውም፤ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ተቋጥሮ ይለያል። ማፍላቱ ማገዶ ይፈጃል፣ አይቡንም የተቃጠለ ጣዕም ያስይዘዋል። ከእሳት ወርዶ ሳይነካካ ይቀዝቅዝ፤ ሙቅ እያለ የሚያማስሉት ሰዎች ፍርፋሪውን ከአጓቱ ጋር ያፈሱታል። አጓቱም ውኃ ብቻ አይደለም። የወተቱ ስኳር፣ ከፕሮቲኑና ከማዕድኑም የተወሰነው እሱ ውስጥ ነው ያለው። ቀዝቀዝ ሲል ለጥጆች ከፉርሽካ ጋር ይለወስላቸው፣ በዚያው ቀን።