«ደረሰኝ ከሌለኝ ቀረብኝ ማለት ነው?»

ፍኖተ ሰላም ቢሮዬ የሚመጣው ሁሉ ሰሞኑን ጥያቄው ይኸው ነው፦ በቴሌግራም ገዝቻለሁ፣ ደረሰኝ የለኝም፣ መክሰስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም ይላል። የተጻጻፋችሁት፣ የቴሌብር ማረጋገጫው፣ የድምፅ መልእክቱ ሁሉ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሻጩ ቴሌግራም ላይ ንግግሩን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት መቻሉ ነው። ብር ሳትልኩ ስክሪንሾት አንሱ፤ የቻናሉ ስም፣ ዋጋው፣ ስልክ ቁጥሩ ይታይ።

ባለፈው አንድ አባት ከቡሬ ገጠር መጡ። ለመስኖ የሚሆን የውሃ መሳቢያ ሞተር ቲክቶክ ላይ አይተው ግማሽ ክፍያ ልከዋል። ሲልኩ ስልካቸው ላይ የተቀባዩ ስም ወጥቷል፤ ከሱቁ ስም ጋር አይገናኝም። ደውለው ሲጠይቁ «የወንድሜ ቁጥር ነው» ተባሉ። አመኑ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገቡ፣ ሞተሩም አልመጣ።

እዚያች ስም ላይ ቁሙ።

ዕቃው አዲስ አበባ ከሆነ ዘመድ ልካችሁ አስነሥቶ፣ ውኃ ስቦ አይቶ ይክፈል። ዘመድ ከሌለ ዕቃው መናኸሪያ ደርሶ ሳታዩት ሙሉውን አትክፈሉ። «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ካሏችሁ ይውሰደው።

ከተታለላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ለፖሊስም ገንዘቡን ላስተላለፋችሁበት ድርጅትም አመልክቱ። እኛ አፍረን ሳምንት እንቆያለን። (እኔም 43 ቁጥር ጫማ አዝዤ 40 መጥቶልኝ ለማንም ሳልናገር ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ።)

የገጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።