ጀጎል በድረ ገጽ፦ ምስልን ስለ መፈለግ፣ ስለ ማረምና ባለቤቱን ስለ መጥቀስ

በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንብ የታጠረው ጥንታዊ የሐረር ከተማ፣ ጀጎል፣ ቀለም የተቀቡ ግድግዳዎቹን፣ ጥንታዊ በሮቹንና የሐረሪ ሴቶችን የስፌት ሥራ የሚያሳዩ ምስሎች በኢንተርኔት ላይ በብዛት ይገኙለታል፤ ስለዚህም ለሥነ ጥበብ ትምህርት ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ መምህር የሚቸገረው ምስል በማጣት ሳይሆን፣ ያገኘው ምስል የማን፣ የየትና የመቼ እንደሆነ በማጣራት ነው።

ምስል ከነመረጃው ሲቆይ ምን ያህል እንደሚያስተምር የሐረር ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በንግድ ሥራ ሐረር ሳለ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን ያነሳባቸውን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ አንዱን በቤቱ ሰገነት፣ ሌላውን በቡና ተክል፣ ሦስተኛውን እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ እንደተነሳ፣ ምስሎቹም የነጡት በታጠቡበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ በደብዳቤው ገልጿል። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ብርሃን ሲነካው በሚጠቁር የብር ውሁድ የሚሠራ በመሆኑ፣ ምስሉን ለማጽናት የሚጨመረው ኬሚካል በሚገባ ታጥቦ ካልወጣ የብሩን ቅንጣቶች እያጠቃ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ያ ንጣት የሐረር ብርሃን ጠባይ ተደርጎ እንዳይወሰድ ያደረገውም ደብዳቤው ነው። በአንጻሩ ራምቦ በኤደን አንድ ሆቴል ደጃፍ ከሌሎች ጋር ይታይበታል ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፎቶግራፍ የሰዎቹ ማንነት በጽሑፍ ስላልተረጋገጠ ተመራማሪዎችን አከራክሯል።

እንዲህ መረጃው ያልጠፋ ምስል ለማግኘት በፍለጋ ጊዜ «ሐረር»ንም «ሀረር»ንም፣ የላቲን አጻጻፎቹንም መሞከር ይጠቅማል። ምስሉን ራሱን ለፍለጋ ሞተር ሰጥቶ ቀድሞ የወጣባቸውን ገጾች ማሰስ ደግሞ ወደ መጀመሪያው አንሺ ሊያደርስ ይችላል።

ምስሉ ከተገኘ በኋላ ፈቃዱ ይጣራል። የነፃ ምስሎች ማከማቻ በሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚገኙ ብዙ ምስሎች ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው የፈቃድ ሥርዓት የወጡ ናቸው፤ ይህም ባለመብቱ ሥራው በምን ሁኔታ ሊቀዳና ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ውል ሲሆን፣ ከሥርዓቱ ፈቃዶች አንዳንዱ ስም መጥቀስን ብቻ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ለንግድ መጠቀምን፣ ሌላውም ለውጦ ማሰራጨትን ይከለክላል። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ዓላማ በተገቢው መጠን መቅዳትን ሲፈቅድ፣ በተቻለ መጠን ምንጩና የሠሪው ስም እንዲገለጽ ያዛል። ለክፍል የተፈቀደ ቅጂ ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይም ተፈቅዷል ብሎ መገመት ጥንቃቄ የጎደለው ነው፤ ነፃ ፈቃድ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

እርማቱም ሐቀኝነት ይፈልጋል። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ምስሉን ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ዓይን የማያስተውለውን ዝርዝር በመጣል ፋይሉን ስለሚያሳንስ፣ ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዋናው ሳይነካ ተቀምጦ ቅጂው ብቻ ይታረማል። ከዚህ የሚብሰው ቀለምን ማጋነን ነው፤ የጀጎልን አረንጓዴና ሰማያዊ ግድግዳ ከእውነቱ በላይ አድምቆ ማቅረብ ስለ ቀለም ለሚማር ተማሪ ሐሰት ማስተማር ነው። በምስሉ ግርጌ የሥራው ርዕስ፣ የአንሺው ስም፣ የተገኘበት ገጽና የፈቃዱ ዓይነት ሲጻፍ፣ ተቆርጦ ወይም ቀለሙ ተስተካክሎ እንደሆነም አብሮ መገለጽ አለበት።

የሐረር መምህራንና ተማሪዎችም መኪና ግርግር በተባለው የጀጎል መንገድ የሚሠሩትን ልብስ ሰፊዎችና የእናቶቻቸውን ስፌት ራሳቸው አንስተው፣ የሚነሱትን ሰዎች አስፈቅደው፣ ስም፣ ቦታና ቀን ጽፈው በነፃ ፈቃድ ቢያወጡ፣ ከተማቸውን ባለቤቶቿ ባነሱት ምስል ማስተማር ይችላሉ፤ ይህንንም ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይገባል።