ማኅበርን በጅምላ ስለ መስደብ

አንድ ሰው የባልንጀራውን ስም በሐሰት ቢያጠፋ፥ ተበዳዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ ካሣ መጠየቅ እንዲችል የታወቀ ነው። ነገር ግን ተሳዳቢው የማንንም ስም ሳይጠራ ማኅበሩን በሙሉ ቢሰድብ፥ ከሳሽ የሚሆነው ማን ነው? በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓመት (የሚከተሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዊልስ የተባሉት ዳኛ፥ ሰው ጠበቆች ኹሉ ሌቦች ናቸው ብሎ ቢጽፍ ማንም ጠበቃ ለብቻው ሊከሰው እንደማይችል ተናገሩ። ምሳሌውን ከገዛ ሞያቸው መውሰዳቸው ያስመሰግናቸዋል።

በ1941 ዓመት አንድ የሎንዶን ጋዜጣ «ወጣት ሩስያ» የተባለውን የስደተኞች ማኅበር፥ ሂትለር ተስፋ የጣለበት የከዳተኞች ጉባኤ ነው ብሎ አተመ። የማኅበሩ አባሎች በዓለም ኹሉ 2,000 ያህል ሲሆኑ በእንግሊዝ አገር የነበሩት 24 ብቻ ነበሩ፤ የእነዚህም አለቃ ክኑፕፈር ከሰሱ። ወዳጆቻቸውም ጽሑፉን ባነበቡ ጊዜ እርሳቸውን እንዳሰቡ መሰከሩ። የመጀመሪያው ዳኛ ፈረዱላቸው፤ የጌቶች ምክር ቤት ግን በ1944 ዓመት ክሱን ውድቅ ያደረገውን የይግባኝ ፍርድ አጸና። የወዳጅ ግምት አይበቃም፤ ቃሉ ራሱ ወደ ከሳሹ ሊያመለክት ይገባል ተባለ።

በ1952 ዓመት ደግሞ በአሜሪካ የታተመ አንድ መጽሐፍ በዳላስ ከተማ ስለሚገኘው የኒማን ማርከስ መደብር ሠራተኞች ነውር ጻፈ። ልብስ ለብሰው ለገዢ የሚያሳዩት ሴቶች 9 ብቻ ነበሩና ኹሉም ከሰሱ፤ ጸሐፊዎቹም የእነዚህ ክስ ይዘጋ አላሉም። ከ25 ወንዶች ሻጮች 15ቱ ከሰሱ፤ ዳኛውም ክሱ ይሰማ አሉ። ከ382 ሴቶች ሻጮች የከሰሱት 30 ግን ተሰናበቱ። እንግዲህ ስድቡ በሰፋ መጠን የተሳዳቢው ዕዳ ይቀልላል ማለት ነው፤ ይህም ለተሰደበው ሕዝብ መራራ ነገር ነው።

ስለዚህ አንዳንድ መንግሥታት ነገሩን ወደ ወንጀል ሕግ አዛወሩት። በቺካጎ ከተማ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ወረቀት ያሠራጨ አንድ የማኅበር አለቃ በኢሊኖይ ግዛት ሕግ 200 ዶላር ተቀጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1952 ዓመት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ቅጣቱን አጸናው። ዳኛው ፍራንክፈርተር አንዱን ሰው መስደብ ከተቀጣ ወገኑን መስደብም ሊቀጣ ይችላል ሲሉ፥ ዳኛው ብላክ ግን ይህ ሕግ ነገ ጥቂቶቹን ራሳቸውን ዝም ማሰኛ ይሆናል ብለው ተቃወሙ። ፍርዱ እስከ ዛሬ በግልጽ አልተሻረም፤ ነገር ግን በ1978 ዓመት በዚያው በቺካጎ የተቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት ጽናቱን ተጠራጥሮታል።