ለየልጁ የየራሱ ፊት መጥረጊያ፣ በኪሮሽ

ካኩማ ላይ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ከልጆች ዓይን አይጠፋም። ብዙዎቻችን ታዲያ በአንድ ጨርቅ፣ አንዳንዴም በነጠላችን ጫፍ የሁሉንም ፊት እንጠርጋለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲደጋገም ዓይን ያጠፋል።

ዳንቴል የምትሠሩ እናቶች መላው በእጃችሁ ነው። ኪሮሽና የጥጥ ክር ይበቃል። ሰው ሠራሽ ክር ውሃ ስለማይመጥ አይሆንም። የዳንቴሉ ክር ከቀጠነ ሁለቱን አጣምሩት።

4 ሰንሰለት ሠርታችሁ ጫፉን በማገናኘት ክብ አድርጉ። በክቡ ውስጥ 6 ጊዜ ሥሩ። ቀጣዩ ዙር 12፣ ከዚያ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። በየዙሩ 6 ካልጨመራችሁ እንደ ቆብ ይጎደጉዳል። መዳፍ ሲያክል ቋጥሩት።

ጠርዙን ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላዋ ሰማያዊ ብታደርጉት ልጆቹ የራሳቸውን ይለያሉ፤ "የኔን ነካ" ብለው ቢጣሉም ግድ የለም! ከተጠቀሙበት በኋላ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ዓይኑ የቀላ ወይም የሚያዥ ልጅ ካለ ግን መጥረጊያ ብቻውን አያድነውም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ውሰዱት።