መምህሩን የረታ ተማሪ

በአገራችን ስለ አትሌቲክስ ሲነሣ የሁሉም ጆሮ የሚቆመው ለሩጫ ነው። ውርወራው በስታዲየሙ መካከል እየተካሄደ ተመልካቹ ዐይኑን ከመሮጫው መስመር ሳያነሣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በ10 ሺህና በ5 ሺህ ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ባገኘበት በዚያው ስታዲየም ውስጥ፣ የ25 ዓመቱ ዩሪ ሴዲክ በመዶሻ ውርወራ የዓለም ሪኮርድ መስበሩን ከመካከላችን የሚያስታውስ ብዙ አይገኝም። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰውና፣ ከእርሱም ይልቅ ስላሠለጠኑት መምህር ጥቂት ልንል ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው። ስሙ መዶሻ ይባል እንጂ አንጥረኛ የሚቀጠቅጥበት ዓይነት አይደለም። 7 ኪሎ ከ260 ግራም የሚመዝን የብረት ኳስ ሲሆን፣ ከሽቦ ጋር ተያይዞ በሽቦው ጫፍ የእጅ መያዣ አለው። ወርዋሪው ወርዱ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ክብ ውስጥ ቆሞ መዶሻውን በራሱ ዙሪያ ካዞረ በኋላ፣ እርሱም አብሮ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሽከርክሮ ይለቀዋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት በታላላቆቹ ወርዋሪዎች እጅ ላይ የሚያርፈው የኳሱ ጉተታ ከ300 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። የእጅ ቦምብ አወራወር የተማረ ወታደር የሚተማመነው በክንዱ ነው። በመዶሻ ውርወራ ግን ክንድ የሽቦው ተቀጥላ ከመሆን አያልፍም፤ ሥራውን የሚሠሩት እግርና ወገብ ናቸው። ክንዱን አጥፎ በጉልበት ሊጎትት የሚሞክር ሰው ርቀቱን ራሱ ያሳጥራል።

አናቶሊ ቦንዳርቹክ በ1940 በዩክሬን የተወለዱ ናቸው። በ1969 በአቴና በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና 74 ሜትር ከ68 ወርውረው የዓለምን ሪኮርድ ያዙ። በዚያው ዓመት ሮቭኖ በምትባል የዩክሬን ከተማ 75 ሜትር ከ48 በመወርወር ከ75 ሜትር ያለፉ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በ1972 በሙኒክ፣ በእስራኤል ቡድን ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት የተቋረጠው ኦሎምፒክ እንደገና በቀጠለ ማግስት፣ 75 ሜትር ከ50 ወርውረው የወርቅ ሜዳሊያ አገኙ። ይህን ያህል የደረሰ ሰው ያለውን ሀብት ለራሱ ቢጠብቅ የሚወቅሰው አይኖርም ነበር።

በዚያው በ1972 ዩሪ ሴዲክ ወደ ቦንዳርቹክ መጣ። ተወልዶ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ መዶሻ መወርወር የጀመረውም በኒኮፖል ከተማ በሌላ አሠልጣኝ እጅ ነው። በኪየቭ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከፍተኛ ተቋም እየተማረ ከኦሎምፒኩ ሻምፒዮን ጋር በአንድ ሜዳ ይሠለጥን ጀመር። ቦንዳርቹክ በዚያን ጊዜ ውድድር አላቆሙም። ስለዚህ ጧት የሚያስተምሩት ልጅ በውድድር ቀን ባላጋራቸው ሊሆን ነው። በእኛ ዘንድ አንዳንድ ባለሙያ ለደቀ መዝሙሩ ዘጠኙን አስተምሮ አሥረኛዋን ለራሱ ያስቀራል ሲባል እንሰማለን። እኚህ ሰው አሥረኛዋንም ሰጡ።

ውጤቱ በ1976 በሞንትሪያል ታየ። በዚያ ኦሎምፒክ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛይቱ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን በመቃወም ብዙ የአፍሪካ አገሮች ስላልተካፈሉ የአገራችን ሯጮችም አልነበሩበትም። በመዶሻው የ21 ዓመቱ ሴዲክ በ77 ሜትር ከ52 አንደኛ፣ ሌላው የሶቭየት ወርዋሪ ስፒሪዶኖቭ በ76 ሜትር ከ08 ሁለተኛ ሆኑ። የ36 ዓመቱ መምህር ሦስተኛ ወጡ። የወረወሩት 75 ሜትር ከ48 ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት የዓለም ሪኮርድ ያደረጉት ያው ርቀት ሳንቲ ሜትር ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማለት ነው። እርሳቸው አላነሡም፤ የከፍታውን ልክ የለወጠው የገዛ ተማሪያቸው ነው።

የሥልጠና ነገር ከሙያችንም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የቦንዳርቹክን ዘዴ ስናነብ ብዙ አሳስቦናል። በአንድ ሻምበል ያሉ ምልምሎች በአንድ ፊሽካ ተነሥተው አንድ ዓይነት ልምምድ ይሠራሉ፤ ለሰልፍ ይህ ግድ ነው። ቦንዳርቹክ ግን በትምህርት ሳይንስ እስከ ዶክተርነት የደረሱ ተመራማሪም እንደመሆናቸው መጠን፣ የእያንዳንዱን ወርዋሪ ልምምድና ውጤት እየመዘገቡ የትኛው ልምምድ በእርግጥ ወደ ውርወራው እንደሚተላለፍ ይለዩ ነበር። ብዙ ብረት ማንሣት ብቻውን መዶሻውን እንደማያርቀው ተረዱ። ከውድድሩ መዶሻ የሚከብዱና የሚቀሉ መዶሻዎችን እያፈራረቁ ማስወርወርን የሥልጠናቸው ዋና ክፍል አደረጉ። አንዱ ሰው በጥቂት ሳምንታት ለሚደርስበት ብቃት ሌላው ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አይተው ልምምዱን የሚለውጡት ለሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን እንደ ሰውየው ነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ በ1986 በሽቱትጋርት የአውሮፓ ሻምፒዮና ተገኘ። ሰርጌይ ሊትቪኖቭ 85 ሜትር ከ74 ወርውሮ ሴዲክን አስጨነቀው። ሴዲክ በአራተኛው ሙከራ 86 ሜትር ከ74 በመወርወር መለሰ። ተከታዮቹ ሁለት ውርወራዎች 86 ከ68 እና 86 ከ62 ነበሩ። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት 12 ሳንቲ ሜትር ነው! አንድ ጊዜ አርቆ መወርወር ዕድልም ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ማሳረፍ ግን የሥልጠና ውጤት ነው። እርግጥ በዚያ ዘመን ከውድድር ውጭ የሚደረገው ድንገተኛ የመድኃኒት ምርመራ ገና ያልተጠናከረ ስለነበር፣ በጊዜው በተያዙ የውርወራ ሪኮርዶች ላይ በጅምላ ጥርጣሬ የሚያነሡ አሉ። ይህንንም አንባቢ ቢያውቀው አይከፋም።

ሴዲክ በ1991 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 36 ዓመቱ ነበር፤ መምህሩ በሞንትሪያል የነበሩበት ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ተቀመጠ። ከፓሪስ ጫፍ ላ ዴፋንስ በሚባለው ሰፈር፣ የምሕንድስናና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶችን ባቀፈው በሌኦናር ደ ቫንሲ ኮሌጅ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ሆነ። ከዓለም ሰው ሁሉ መዶሻን አርቆ የወረወረው ሰው ነገ መሐንዲስና ነጋዴ ለሚሆኑ ወጣቶች ጀርባን ቀጥ አድርጎ ክብደት ማንሣትን ሲያስተምር ማሰብ ደስ ይላል። በሴቶች አሎሎ ውርወራ የዓለምን ሪኮርድ የያዘችው ናታሊያ ሊሶቭስካያ ባለቤቱ ነበረች። ልጃቸው አሌክሲያም በ2010 በሲንጋፖር በተደረገው የወጣቶች ኦሎምፒክ በመዶሻ ውርወራ ለፈረንሳይ ወርቅ አመጣች። ሴዲክ በመስከረም 2021 በ66 ዓመቱ አረፈ።

ቦንዳርቹክስ? በስተርጅና ወደ ካናዳ ተሻግረው ካምሉፕስ በምትባል ከተማ ማሠልጠን ቀጠሉ። እዚያ ያገኙት ዲላን አርምስትሮንግ የሚባል የአሎሎ ወርዋሪ በ2008 በቤይጂንግ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተበልጦ አራተኛ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሦስተኛው በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሲሰረዝ የነሐሱ ሜዳሊያ ለእርሱ ተሰጠ። አርምስትሮንግ ውርወራውን ሲተው እርሱም በፈንታው አሠልጣኝ ሆነ። ኢታን ካትዝበርግ የተባለውን ካናዳዊ ወጣት መዶሻ ወርዋሪም በእጁ አሳደገ። ካትዝበርግ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ84 ሜትር ከ12 ወርቁን ወሰደ። በ2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ርቀቱን 84 ሜትር ከ70 አደረሰ። ለሴዲክ ሪኮርድ የቀረው 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ነበር።