የድሮ የወንጀል ፊልም ስንከፍት፦ ከአርሲ የምንማረው

ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በቴሌቪዥን የታዩ የወንጀል ታሪኮች ዛሬ በኢንተርኔት እንደ አዲስ እየተፈለጉ ነው። ሰዎች ማታ ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው፣ ወይም ከመዝሙር ልምምድ ሲወጡ በአንድ ስልክ ላይ ተሰብስበው ያዩአቸዋል። ከዚያም ማን ጥፋተኛ እንደ ነበረ፣ ፖሊስ የት ላይ እንደ ተሳሳተ ይከራከራሉ። ይህ ጽሑፍ ማየቱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለመፍታት አልተዘጋጀም። የምናነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። በፊልሙ ውስጥ መከራዋን የምናየው ሰው ዛሬ በሕይወት ካለች፣ እኛ ተመልካቾች ምን ልናደርግላት ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በዓለም ዙሪያ የታየ አንድ እውነተኛ ታሪክ ከአርሲ ወጥቷልና።

ሰዎች ለምን ወደ ድሮው ይመለሳሉ?

የዚህ ዓይነቱን ፕሮግራም ታዋቂ ካደረጉት አንዱ በአሜሪካ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው «አንሶልቭድ ሚስትሪስ» ነው፤ ትርጉሙ «ያልተፈቱ ምስጢሮች» ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። የጠፋ ሰው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ ሟች ታሪክ በተዋንያን እንደገና ይሠራል፤ ለብዙ ዓመታት ያቀረበው ሮበርት ስታክ በከባድ ድምፁ ይተርካል፤ በመጨረሻም የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲደውል ይጠየቃል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2020 በኔትፍሊክስ እንደ አዲስ ተጀምሯል። የቀድሞዎቹ ክፍሎችም በዩቲዩብ ስለሚገኙ፣ በልጅነታቸው በፍርሃት ያዩአቸው ሰዎች ዛሬ ጎልማሶች ሆነው ይመለሱባቸዋል። በእኛም አገር በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውን የፖሊስ ፕሮግራም ከቤተ ሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም።

የሚመለሱበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጅነቱ ይናፍቀዋል። አንዳንዱ ፍትሕ ሲፈጸም ማየት ይፈልጋል። አንዳንዷ እናት ልጇን ለማስጠንቀቅ ታያለች። ከእነዚህ ተመልካቾች ደግሞ አንድ መልካም ልማድ እንማራለን፤ ክፍሉ ሲያልቅ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ፊልሙ ተቀርጾ የቆመው በአንድ ቀን ነው፤ የሰዎቹ ሕይወት ግን ቀጥሏል። ያልታወቀው ወንጀለኛ በኋላ ተይዞ ይሆናል፤ የተጠረጠረውም ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል። ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ አርሲ እንሂድ።

በአርሲ የሆነው ነገር

የአርሲን ደጋ ዓለም የሚያውቀው በሯጮቹ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አቅራቢያ ተወልዶ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ እየሮጠ ማደጉ በብዙ ቋንቋ ተነግሯል። ደራርቱ ቱሉና ጥሩነሽ ዲባባም ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። ነገር ግን በገብስና በስንዴ ማሳዎች መካከል የሚያልፈው ያው መንገድ ለብዙ ልጃገረዶች የሥጋት መንገድ ነበር። ምክንያቱ ጠለፋ ነው፤ በኦሮምኛ «ቡቲ» ይሉታል።

አንባቢያችን እንደሚያውቁት ጠለፋ በአርሲ ብቻ የነበረ ልማድ አይደለም፤ በብዙ የአገራችን ክፍል ይታወቃል። ጠላፊው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ልጅቱን ከውኃ፣ ከገበያ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይጠብቃታል። በጉልበት ወስዶ ይደፍራታል። ከዚያ በኋላ ወደ ወላጆቿ ሽማግሌ ይላካል። ወላጆችም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» በማለት ይስማማሉ። በዚህ ዓይነት ወንጀሉ ጋብቻ የሚል ስም ይሰጠውና ነገሩ በእርቅ አለቀ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጎጆ ውስጥ ተቆልፎባት ተደፈረች። በኋላ ጠመንጃ አግኝታ ይዛ ሸሸች፤ ጠላፊዋ ሲከተላትም ተኩሳ ገደለችው። ወዲያው ተይዛ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ያህል ነበር። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷና መሪው የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ማኅበሩ ለልጅቱ ጠበቃ ቆመላት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን የፈጸመችው ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት።

ነጻ ብትወጣም ወደ ቤቷ መመለስ አልቻለችም። የአካባቢው ሽማግሌዎች በባህሉ መሠረት ከመንደሩ እንድትርቅ ወሰኑ። የመንግሥት ፍርድ ቤት ንጽሕት ናት ያላት ልጅ፣ በሽማግሌ ሸንጎ ከአገሯ ተሰደደች። ፊልሙን ያዩ ብዙዎች የፍርድ ቤቱን ድል ያስታውሳሉ፤ ይህን የኋለኛውን ክፍል ግን ይረሱታል።

ሁለት ፊልሞች፣ አንዲት ሴት

ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ በፊልም ቀርቧል። የመጀመሪያው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳየው ዘጋቢ ፊልም ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ «ስኩልገርል ኪለር» ነበር፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ገዳይዋ ተማሪ» እንደ ማለት ነው። እስቲ ርእሱን ልብ ይበሉ! የተጠለፈችውና የተደፈረችው እርሷ ናት፤ ፍርድ ቤትም ነጻ አውጥቷታል፤ ርእሱ ግን «ገዳይ» የሚለውን ቃል አጣብቆባታል። ዛሬ በስልካችን ላይ የምናያቸው ደማቅ ርእሶችም የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። ዓይን ለመሳብ ሲባል ከአንድ ሰው ሕይወት አንዲት ቀን ተቆርጣ ትወጣና የዘላለም ስሙ ትሆናለች።

ሁለተኛው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» ነው። ይህ በተዋንያን የተሠራ ፊልም ሲሆን የልጅቱ ስም በፊልሙ ውስጥ ሒሩት ተብሏል፤ ጠበቃዋን መዓዛን ሆና የተወነችው ሜሮን ጌትነት ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊም በአዘጋጅነት ስሟን ሰጥታዋለች። ኢትዮጵያን ወክሎም ለኦስካር ውድድር ተልኳል። ርእሱን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በሁለት መንገድ ይሰማዋል። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ «ተደፈረች» ስንል ደግሞ ያው ቃል የግፍ ስም ይሆናል።

በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ «ድፍረት» በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ፊልሙ እንዳይታይ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። አቤቱታውን ያቀረበችው አበራሽ ነበረች፤ ታሪኳ ያለ ፈቃዷ ተሠርቷል ስትል። ዓለም ያጨበጨበለት ታሪክ ባለቤት፣ በምርቃቱ ዕለት ድምፅዋን ያሰማችው በፍርድ ቤት ወረቀት በኩል ነው። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ፤ እርሷም በጊዜው ለጋዜጠኞች ታሪኳን በራሷ አንደበት ተናገረች።

ፊልሙ መልካም አላደረገም ማለታችን አይደለም። ስለ ጠለፋ በግልጽ ማውራት የማይደፍሩ ብዙ ቤተ ሰቦች እርሱን ካዩ በኋላ ተነጋግረዋል። ሆኖም አንድ ሥራ ለሕዝብ ጠቃሚ መሆኑ ባለታሪኳን ሳይጠይቁ ለማለፍ ፈቃድ አይሆንም።

ፊልሙ ከቆመበት ወዲህ ምን ተለወጠ?

የድሮውን ፊልም ዛሬ የሚያይ ወጣት ሕጉ ያኔ እንደ ነበረ ያለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አበራሽ በተጠለፈችበት ጊዜ የሚሠራበት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ለጠለፋ የተቀመጠው ቅጣት ከሦስት ዓመት እስራት አይበልጥም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ጠላፊው ልጅቱን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። በሌላ አነጋገር ሽማግሌ መላክ ከእስር ማምለጫ በር ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ እንዲል አደረገ። ቀጥሎም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። ከጠለፋው ጋር አስገድዶ መድፈር ካለ ጠላፊው በዚያም ይጠየቃል፤ የዚህ ቅጣት በመደበኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። የዚሁ አንቀጽ ሦስተኛ ንኡስ አንቀጽ ደግሞ የድሮውን በር ዘጋው። ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት አይድንም።

ሕጉ ቢለወጥም ልማዱ በአንድ ቀን አይሞትም። ጠለፋ ዛሬም የሚሰማባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ያ ፊልም ለእኛ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ያልተናገረችው ዲና

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዘፍጥረት 34ን ከፍተው ይመልከቱ። የያዕቆብ ልጅ ዲና ወጥታ ሳለ ሴኬም ወስዶ አስነወራት፤ ከዚያ በኋላ አባቱ ኤሞር ለጋብቻ ሊነጋገር ወደ ያዕቆብ መጣ። ይህ እኛ የምናውቀው ጠለፋና ሽምግልና ነው። በምዕራፉ ሴኬም ይናገራል፤ ኤሞር ይናገራል፤ ወንድሞቿ ይናገራሉ፤ ያዕቆብም ይናገራል። ከዲና አፍ የወጣ አንድ ቃል ግን በምዕራፉ አይገኝም። ሁሉም ስለ እርሷ ሲወስኑ እርሷን የጠየቀ አልተጻፈም። ቂሙ በከተማይቱ ወንዶች ላይ ደም አፈሰሰ፤ ታሪኩ ሲያበቃ ስለ ዲና የቀረ ኑሮ ምንም ሳይነገረን ነው።

አበራሽም የሽማግሌዎቹ፣ የጠበቆቹ፣ የዳኞቹና የፊልም ሠሪዎቹ ቃል ከተሰማ በኋላ ነው በራሷ አንደበት ለዓለም የተናገረችው። እኛ ተመልካቾች አምስተኛ ሆነን በዚያ ረድፍ ልንሰለፍ እንችላለን፤ ወይም ቆም ብለን ልንሰማት እንችላለን።

እርስዎ ፊልሙን ሲከፍቱ

አንደኛ፣ «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁ። ፊልሙ መቼ እንደ ተሠራ ይዩ። ፍርዱ ምን ሆነ? ሕጉ ተለውጧል? የተከሰሰው ሰው ነጻ ወጥቶ ከሆነ፣ በድሮው ክፍል ላይ ተመሥርቶ ዛሬ ወንጀለኛ ማለት ሐሰት ምስክርነት ነው።

ሁለተኛ፣ ትወናን ከማስረጃ ይለዩ። ተዋናይት ያለቀሰችው እንባ እውነተኛ ቢመስልም የተጻፈላት ነው። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለን የምንምልበት ትዕይንት ደራሲ ያሰበው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ባለታሪኳ ራሷ የተናገረችው ካለ አስቀድመው እርሱን ይስሙ። አይታይብኝ ያለችውን ከማጋራት ይቆጠቡ።

አራተኛ፣ አስተያየት ከመጻፍዎ በፊት ማን ሊያነበው እንደሚችል ያስቡ። እንደ አሰላ ባለ ከተማ ሰው ይተዋወቃል። «ለምን ብቻዋን ሄደች?» የምትል አንዲት መስመር ወደ ሟች ቤተ ሰብም፣ ወደ ተጠቂዋ ልጆችም ትደርሳለች። በጉባኤያችን ከሚቀመጡት እናቶች መካከልም ትዳራቸው በጠለፋ የጀመረ፣ ለማንም ያልተናገሩ ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ ስልክ ላይ እያየን ስንሳሳቅ እነርሱ ይሰማሉ።

አምስተኛና ዋናው፣ ከፊልሙ ወደ ጎረቤትዎ ይመለሱ። በአካባቢዎ ልጅ ተጠልፋ ለሽምግልና ቢጠሩ፣ ሽማግሌም ሆኑ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በሕግ ፊት ወንጀል የሆነውን ነገር በእርቅ እንዲሸፈን አይርዱ። ለፖሊስ እንዲነገር፣ ልጅቱም ሕክምና እንድታገኝ ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን ልጅቱን ራሷን ይጠይቋት። ተፈርዶላት ወይም ነጻ ወጥታ ስትመለስም የሚቀበላት ቤት ይኑር። የአርሲዋ ልጅ ከፍርድ ቤት ስትወጣ ያጣችው ይህንን ነበር፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ፊልም ሊሰጣት አይችልም። እኛ ግን ለሌላዋ ልንሰጣት እንችላለን።