የመጋቢት ሰማይ እንዴት ይተነበያል?

በሐምሌ የአየር ትንበያን ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እንደሚዘንብ ሁሉም ያውቃል። መጋቢት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰሚት በረዶ ሲወርድ ጀሞ አቧራው ይቦናል። ሰኞ የጀመረው ዝናብ "በልግ ገባ" ካስባለ በኋላ ሐሙስ ላይ ድራሹ ይጠፋና ፀሐዩ እንደገና ያከርራል። በዚህ ወቅት የአንድ ሳምንት ትንበያ ማውጣት በአገራችን ከሚሠሩ የትንበያ ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ደግሞም ብዙ እህልና ብዙ ከብት የሚታመነው በዚሁ ትንበያ ስለሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል።

አስቀድመን ወቅቱን እንወቀው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ስለዚህ የመጋቢት አጋማሽ በአንዱ ስሌት ገና በጋ ነው፤ በሌላው ግን በልጉ ከተጀመረ ወር አልፎታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጋቢት አንዱ ሳምንት በጋ፣ ቀጣዩ ሳምንት በልግ ሊሆን ይችላል።

ለከተማ ሰው በልግ የጭቃና የልብስ ማስጫ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ደገኛ ግን የገብስ ማሳው ነው። በእነዚያ ከፍተኛ ደጋዎች ክረምቱ ውኃ እያስተኛና ውርጭ እያስከተለ ሰብሉን ስለሚያበላሸው፣ ብዙው ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው በበልጉ አዝመራ ላይ ነው። በአገር ደረጃ የበልግ ምርት ከዓመቱ የእህል ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሆናል ይባላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በልግ አምራች ወረዳ ውስጥ ላለ ቤተሰብ የዓመቱ እንጀራ ማለት ነው። በቆሎና ማሽላን የመሰሉ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልጉ ሰብሎችም የሚዘሩት በዚሁ ዝናብ ነው። ወደ ቦረና፣ ወደ ጉጂና ወደ ሶማሌ ክልል ስንወርድ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ የዓመቱ ዋና ዝናብ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በእነዚህ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ሲቀሩ ከብቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ ጎርፍ ሆኖ መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ በልግ ለምን እንዲህ ያስቸግራል?

በክረምት የዝናቡ መቀነት ከደቡብ ወጥቶ እኛ ላይ ያርፋል፤ ለወራትም አይነሳም። በልግ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ከሁለት አቅጣጫ መጥተው በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። እርጥበቱ የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር ሲሆን፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው በዓረቢያ አካባቢ የሚቀመጥ ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን እንዲህ ባለ ግፊት ዙሪያ ነፋስ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ግፊቱ ወደ ዓረብ ባሕር ከተጠጋ፣ ነፋሱ በባሕሩ ላይ ረጅም መንገድ ተጉዞና እርጥበት ጠጥቶ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ይደርሰናል። ወደ የመንና ሳዑዲ የብስ ካፈገፈገ ግን የሚደርሰን የበረሃ ነፋስ ነው፤ ደረቅ፣ ሌሊቱን የሚያቀዘቅዝ፣ ቀኑን አቧራ የሚያነሳ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መንሸራተት ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። ከሜዲትራኒያን በላይ፣ ከምድር ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጎብጣል። አልፎ አልፎ ጉብጠቱ በግብፅና በሱዳን አድርጎ እስከ እኛ ይወርዳል። ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይዞ ይመጣል፤ ከበታቹ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየርም ወደ ላይ ይመነጠቃል፤ ደመናውም ይቆለላል። እርጥበቱ ኖሮ ጉብጠቱ ካልመጣ ወበቅ ብቻ ይሆናል። ጉብጠቱ መጥቶ እርጥበቱ ከሌለ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ስስ ደመና እናይና በዚያው ይቀራል። ዝናብ የሚሆነው ሁለቱ በተገናኙበት ቀን ነው።

ሦስተኛ ጣልቃ ገቢም አለ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ ዙሪያ፣ አውሎ ነፋሶች ይነሳሉ። እነዚህ አውሎ ነፋሶች በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን እርጥበት ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ፣ እነርሱ በሚበረቱበት ሳምንት የእኛ ሰማይ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢኳን ቤይራን ሲያወድም፣ በምሥራቅ አፍሪካ የወቅቱ ዝናብ ዘግይቶ ነበር። ስለዚህ ለደሴ የሚተነብይ ባለሙያ ማዳጋስካርንም ማየት አለበት። እኔን ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት የመረጃው መንገድ ረጅም ነው። በየአገሩ ያሉ የዝናብና የሙቀት መለኪያዎች በተወሰነ ሰዓት ይነበባሉ። የሙቀት፣ የእርጥበትና የነፋስ መለኪያ ያንጠለጠሉ ፊኛዎች በዓለም ዙሪያ በተመሳሳይ ሰዓት ይለቀቃሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አፍሪካን ፊት ለፊት የሚያዩ ሳተላይቶች ደግሞ የደመናውን ምስል በየሩብ ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይልካሉ። ይህ ሁሉ በትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ የነፋስ፣ የሙቀትና የውኃ ሕጎች ወደ ተጻፉበት ስሌት ይለወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ ቀደም ብሎ የሠራውን ስሌት ለመድገም ፈልጎ፣ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ሁለተኛውን ውጤት ከመጀመሪያው ፈጽሞ ተለይቶ አገኘው። መነሻው ላይ ያለች ጥቂት ልዩነት ውጤቱን ሁሉ እንደምትለውጥ ስለታየ፣ ከዚያ በኋላ ትንበያን አንድ ጊዜ አስልቶ መተው እንደማይበቃ እየታወቀ መጣ። ዛሬ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እያናጋ የአንዱን ሳምንት አየር 51 ጊዜ ያሰላዋል። ከ51ዱ 45ቱ "ረቡዕ ደሴ ይዘንባል" ካሉ ባለሙያው በድፍረት ይናገራል። 25ቱ ብቻ ካሉ "ሊዘንብ ይችላል" ይላል። ብዙ ሰው ይህን አነጋገር እንደ ማምለጫ ያየዋል። በእኔ እምነት ግን ባለሙያው እውነቱን የተናገረበት ቃል ነው፤ ሰማዩ ራሱ አልቆረጠምና።

ያልተረጋጋ የመጋቢት ሳምንት ምን እንደሚመስል እንመልከት። ሰኞ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ንጋቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ያከርራል። ማክሰኞ ከምዕራብ በኩል ላባ የሚመስል ስስ ደመና ሰማዩን ያለብሰዋል፤ ነፋሱም ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። ሌሊቱ እንደ ዋዜማው አይበርድም፤ ደመናው የምድሩን ሙቀት ይይዘዋልና። ረቡዕ ገና በረፋዱ ይወብቃል። በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ ደመናው ሲቆለል ይውላል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ወደ ሸዋ ይጠጋል። ሐሙስ ጉብጠቱ ከላያችን ላይ ነው፤ ወሎና ሰሜን ሸዋ ሌሊቱን ጭምር ይዘንባል፣ ጠዋቱ ጭጋግ ነው፣ የቀኑ ሙቀት በግልጽ ይቀንሳል። ዓርብ ጉብጠቱ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ ደረቁ ነፋስ ይመለሳል፤ ጅማና ከፋ ግን ዝናባቸው አይቋረጥም። ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት፣ ንጋቱ ብርድ። የጉብጠቱ ጉዞ በግማሽ ቀን ቢዘገይ የሐሙሱ ዝናብ ዓርብ ይሆናል፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ቢሸሽ ደግሞ አዲስ አበባ ምንም ሳታገኝ መቀሌ ሊዘንብ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ትንበያ በደንብ ማመን፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውን ደግሞ በየማታው እየተመለሱ ማየት የሚበጀው።

የትንበያው ቃላትም ሊታወቁ ይገባል። "በአንዳንድ ቦታዎች" ሲባል የሚነገረው ስለ ስፋቱ ነው፤ "ከቀላል እስከ መካከለኛ" ሲባል ስለ መጠኑ። በአንዳንድ ቦታዎች ብቻ የሚጥል ዝናብ በዚያች ቦታ ዶፍ ሊሆን ይችላል። መጠኑ በሚሊ ሜትር ሲነገር ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። አሸንዳና በርሜል ያዘጋጀ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በረዶውስ? በእኛ ሰማይ ውኃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5 ሺህ ሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። ከባሕር ጠለል 300 ሜትር እንኳ በማትሞላው ጎዴ ግን ያው በረዶ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ነጎድጓድ በተተነበየበት የበልግ ቀን የጓሮ ችግኝ ያለው ደገኛ ከቀትር በኋላ መሸፈኛ ቢያዘጋጅ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዘር ጉዳይ ነው። አጥኚዎች የዝናብ ወቅት ገባ ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መስፈርት በሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ረጅም ደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። ገበሬው የመጀመሪያውን በዓይኑ ያያል፤ ሁለተኛውን ማየት አይችልም። ሐሙስ በወረደው ዝናብ ተደስቶ ቅዳሜ ከዘራና ቀጣዩ ሳምንት ከደረቀ፣ በቅሎ የወጣው ቡቃያ ይጠወልጋል፤ ዘሩም ይጠፋል። ለዳግም ዘር ደግሞ ብድር ነው። ስለዚህ በልግ ላይ የሳምንቱ ትንበያ ትልቁ ጥቅም "ነገ ይዘንባል" የሚለው አይደለም፤ ከዝናቡ በኋላ ያሉት ቀናት ምን እንደሚመስሉ አስቀድሞ መናገሩ ነው። የሬዲዮ ፕሮግራሞች የከተሞችን ሙቀት ከመዘርዘራቸው በፊት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለበልግ አምራች ወረዳዎች በየሳምንቱ ቢናገሩ ምንኛ በጠቀመ።

በአገራችን ይህን ሥራ የሚመራው በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የሥሩ ሥር ግን በየገጠሩ የተተከለችው የዝናብ መለኪያ ናት። በየትምህርት ቤቱና በየግብርና ጣቢያው ግቢ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውኃውን ለክቶ በመዝገብ የሚጽፍ ሰው አለ። ሳተላይቱ የሚያየው ደመናን ነው፤ ምድር ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ የሚያረጋግጥልን ያ ሰው ነው። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር አንዲት ጣቢያ ሥራዋን ስታቋርጥ የአንድ ሸለቆ ታሪክ ይቋረጣል፤ ነገ ሊተነበይለትም ያስቸግራል።

እንግዲህ በሰፈራችሁ፣ በቀበሌያችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ግቢ በሽቦ የታጠረች የዝናብ መለኪያ ካለች ጠብቋት። አጠገቧ ዛፍ አትትከሉ፣ ቤት ወይም አጥር አታስጠጉባት፤ ማንኛውም ነገር ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ያህል ይራቅላት። ልጆች ድንጋይ እንዳይጥሉባት፣ ውኃ እንዳይጨምሩባት ንገሯቸው። የሚለካውም ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲሄድ፣ ያን ቀን የሚተካው ሰው ከመካከላችሁ ይኑር።